ውሃው የሚመጣበት ሌሊት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ስድስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ከመሀል ከተማ ኪራይ ወጥቶ የራስ ቤት መግባት በወዳጅ ዘመድ ዘንድ የሠርግ ያህል የሚቆጠር ነገር ስለሆነ፣ ቤት ሊመርቁ የመጡት ሁሉ ድፎ ዳቦውን እየቆረሱ ሲያመሰግኑ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ በሩቁ የሚታየውን የፍጥነት መንገድ መብራት እያየሁ ደስታዬ ለምን ሙሉ እንዳልሆነ ለራሴ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው ማማረር አያምርበትም። ቢሮ በሰዓቱ ለመድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሣት እንዳለብኝ፣ ውሃው በፈረቃ እንደሆነ፣ ማታ ስመለስ የታክሲው ሰልፍ አንዳንድ ቀን ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ ብናገር «ይህንንም ያጣ ስንት አለ» ይሉኛል፤ ሐሰት ደግሞ አይደለም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ነገር ግን በሌላ በር ይወጣ ጀመር፦ እንቅልፌ ቀነሰ፣ ጨጓራዬ ታመመ፣ ልጄ ላይ መጮኽ አበዛሁ።

አምና ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከሚወስዷቸው የጋራ ትምህርቶች አንዱ አጠቃላይ ሥነ ልቦና በመሆኑ፣ ፈተና ሲደርስ ቅዳሜና እሁድ እኛ ቤት እየመጣ ሞጁሉን ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ጮክ ብሎ ካላነበበ አይገባውም። እኔም ሽሮ እያማሰልኩ ሳልመዘገብ ተማሪ ሆንኩ። መብራት በጠፋባቸው ማታዎች ደግሞ ሻማውን የምይዝለት እኔ ስለነበርኩ፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ተነሳሽነትና ስለ ውጥረት የሚያወሩትን ገጾች ከእሱ ባላነሰ አጥንቻቸዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መጀመሪያ ጆሮዬን የሳበው ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ሬ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት ዝርዝር ነበር። የሰውን ኑሮ የሚለውጡ 43 ክስተቶችን ደርድረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥተዋል፤ የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73 እያለ ይወርዳል። የገረመኝ ጋብቻም 50 ነጥብ ይዞ መገኘቱ ነው። ለካስ ሰውን የሚያደክመው ክፉ ነገር ብቻ አይደለም፤ መልካሙም ቢሆን ኑሮን እንደገና ማደራጀት የሚጠይቅ ከሆነ ዋጋ ያስከፍላል። ወዲያው የራሴን ደመርኩ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መደመር ያጽናናኛል። የመኖሪያ ቦታ መቀየር 20፣ የአኗኗር ሁኔታ መለወጥ 25፣ የእንቅልፍ ልማድ መለወጥ 16፣ የቤት ዕዳ 31፤ በድምሩ 92። እንኳን ደስ ያላችሁ የተባልንበት ቤት በሞት ዋዜማ ላይ የሚያስቀምጥ ነጥብ ይዞ ኖሯል! ወንድሜ ሳቀብኝ። በኋላ ላይ ግን የዝርዝሩ ጉድለት ታየኝ፤ ነጥቡ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፣ የደረሰበትን ሰው ነገሩ ምን መስሎ እንደታየው አይጠይቀውም። ባለቤቴ ያው ቤት፣ ያው ዕዳ፣ ያው ርቀት ላይ እያለ ትራስ ሲነካ ይተኛል።

በአማርኛችን «ጭንቀት» የምንለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ፈተና የደረሰበት ተማሪም፣ የሚከፍለው ያጣ አባወራም፣ ያለ ምክንያት ልቡ የሚመታበት ሕመምተኛም ሁሉም «ተጨነቅሁ» ነው የሚሉት። መጻሕፍቱ «ውጥረት» የሚለውን ለይተው ይጠቀማሉ፤ ከበሮ ሲወጠር፣ ገመድ ሲወጠር ያለውን ማለት ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ጫና ደግሞ ለብቻው ይጠሩታል። የዚህ አሳብ አባት የሚባለው፣ ቪየና ተወልዶ ሞንትሪያል የሠራው ሃንስ ሴልዬ፣ ቃሉን ከመሐንዲሶች ተውሶ ጫናውንና በጫናው የሚፈጠረውን መወጠር እንዳደባለቀ በኋላ ራሱ አምኗል። እኛ ሁለቱን የምንለይበት ቃል እያለን «ጭንቀት» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ መክተታችን ያስቆጫል።

ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው ጽሑፍ አጭር ደብዳቤ ነው። አይጦችን በብርድ፣ በቀዶ ጥገና ጉዳት፣ ከልክ ባለፈ እንቅስቃሴ፣ በልዩ ልዩ መድኃኒት ሲያስጨንቃቸው፣ መንስኤው ቢለያይም አካላቸው የሰጠው መልስ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው፦ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ በሽታን የሚከላከሉት የአካል ክፍሎች ይኮማተራሉ፣ ጨጓራ ይቆስላል። ሂደቱንም በሦስት ከፈለው፤ መጀመሪያ አካል ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይቋቋማል፣ በመጨረሻም ይዝላል። ወንድሜ «ድንጋጤ፣ መቋቋም፣ መዛል» እያለ ሲሸመድድ እኔ የቤታችንን ስድስት ዓመት በሦስት እየከፈልኩ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ድንጋጤ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ «ለምጄዋለሁ» እያልኩ ያሳለፍኳቸው ናቸው፤ የቀረው መዛል ነው። «ለምጄዋለሁ» የሚለው ቃል ሰላም የመጣ ያስመስላል እንጂ፣ በሴልዬ አገላለጽ አካል ገና በውድ ዋጋ እየታገለ ያለበት ወቅት ነው።

ስለ ጨጓራ ሳነሣ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኛ ሰውን «ጨጓራዬን ላጥከው» ብለን የምንወቅስ ሕዝብ ስለሆንን፣ የሴልዬን አይጦች እንደሰማሁ ሕመሜን በሙሉ በታክሲው ሰልፍ ላይ ጫንኩት። ሐኪም ዘንድ ስሄድ የተገኘው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነበር፤ መድኃኒቱን ጨርሼ ተሻለኝ። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ይኸው ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት ሁለቱ አውስትራሊያውያን፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ሁሉን ሕመም በጭንቀት ማሳበብ ጭንቀትን ጨርሶ ከመካድ ያልተናነሰ ስሕተት እንደሆነ የተማርኩት በራሴ ጨጓራ ነው።

ስለ ስሜት የሚያወራው ምዕራፍ ከሁሉ ይልቅ አከራከረን። እ.ኤ.አ. በ1884 ዊሊያም ጄምስ የተባለው አሜሪካዊ፣ በዓመቱ ደግሞ ካርል ላንግ የተባለው ዴንማርካዊ ሐኪም፣ ተራውን አስተሳሰብ የሚገለብጥ አሳብ አቀረቡ። ድብ አይተን ፈርተን የምንሮጥ ይመስለናል፤ በእነሱ አባባል ግን መጀመሪያ አካላችን ይንቀጠቀጣል፣ ፍርሃት የምንለውም የዚያ መንቀጥቀጥ ስሜት ነው። ወንድሜ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ሲል እኔ ድቡን ትቼ ጅብ አነሣሁለት። ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው ሜዳ በኩል ወደ ታክሲ ተራው ስሄድ፣ አንድ ሌሊት ጅብ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቀና ብሎ አየኝ። የማስታውሰው መሮጤን ነው። የፈራሁት የጥበቃው ቤት በር ላይ ከደረስኩ በኋላ፣ ጉልበቴ ቄጠማ ሆኖ መቆም ሲያቅተኝ ነበር።

አማርኛ በዚህ ክርክር ከጄምስ ወገን ይመስለኛል። ስንናደድ ቆሽታችን ያራል፣ ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል፣ ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንራራ አንጀታችን ይላወሳል፣ ቂም የማይዝ ሰው ሆደ ሰፊ ነው። ስሜትን በአካል ክፍል መጥራት ለእኛ ቅኔ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ንግግር ነው። ይሁንና የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን፣ አካል አደጋ ሲያይ ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1915 ያስረዳው ሰው፣ በ1927 ለጄምስና ለላንግ ጠንካራ መልስ ሰጥቷል። የሆድ ዕቃ ለውጥ ዝግተኛ ነው፤ በዚያ ላይ በንዴትም፣ በፍርሃትም፣ በትኩሳትም ልብ ያው ልብ ሆኖ ይመታል፤ ታዲያ ሰው የትኛው ስሜት እንደያዘው በምን ለየ? እ.ኤ.አ. በ1962 ስታንሊ ሻክተርና ጄሮም ሲንገር ለዚህ ያቀረቡት መልስ፣ አካል መነቃቃቱን ይሰጣል፣ ስሙን የምንሰጠው ግን እኛው ሁኔታውን አይተን ነው የሚል ነበር። ለተማሪዎች ቪታሚን ነው ብለው ልብን የሚያስመታውን አድሬናሊን ወጉአቸው፤ ምን እንደሚሰማቸው በትክክል ያልተነገራቸው ተማሪዎች ተመራማሪዎቹ አጠገባቸው ወዳስቀመጡት ተዋናይ ስሜት፣ ወደ ሳቁ ወይም ወደ ቁጣው፣ ያዘነበሉ መሰለ። ሌሎች ሲደግሙት ያንኑ ውጤት ሁልጊዜ ስላላገኙ እንደ ሕግ አልወስደውም። ግን አንድ ነገር አስጠረጠረኝ፦ ማታ ቤት ስገባ የሚመታው ልቤ፣ አራት ፎቅ ደረጃ በሁለት ፌስታል የወጣ ልብ ነው። ያን ጊዜ ልጄ የቤት ሥራዋን አለመሥራቷን ካየሁ፣ ድካሙ በቅጽበት «ንዴት» የሚል ስም ያገኛል።

ከልጄ ጋር ከተያያዘ ስለ ተነሳሽነትም ልናገር። ልጄ ንባብ የምትወድ ነበረች፤ «ነበረች» ያልኩት በእኔ ጥፋት ነው። የበለጠ እንድታነብ ብዬ በገጽ አምስት አምስት ብር እሰጣት ጀመር። ሁለት ወር ያህል ቤቱ በንባብ ድምፅ ተሞላ። ወሩ ሲጠብ ብሩን አቆምኩ፤ እሷም መጽሐፉን አቆመች። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን የሙአለ ሕፃናት ጥናት ወንድሜ ሲያነብ አፌን ይዤ ሰማሁት። መሣል የሚወዱ ልጆችን መርጠው፣ አንዱን ቡድን ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ አሉት፣ ሌላውን ሳይነግሩት በድንገት ሸለሙት፣ ሦስተኛውን ምንም አልሰጡትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽልማቱን ጠብቀው የሣሉት ልጆች በራሳቸው ፈቃድ ለመሣል የሚያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጎዳው ሽልማቱ ራሱ አይደለም፤ በድንገት የተሸለሙት አልተጎዱም። የጎዳው ሥዕሉ የልጆቹ መሆኑ ቀርቶ የሽልማቱ መሆኑ ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ሰው ከውስጡ እንዲነሣሣ በራሱ የመወሰን፣ የመቻልና ከሰው ጋር የመተሳሰር ስሜት ያስፈልገዋል ሲሉ፣ እኔ ከሦስቱ የመጀመሪያውን በአምስት ብር ገዝቼ ከልጄ እንደወሰድኩባት ገባኝ።

የሰውን ፍላጎት ከምግብና ከውሃ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የደረደረውን ማስሎንም በአጭሩ ላንሣው፤ ሞጁሉ ላይ ያለው የፍላጎቶች ፒራሚድ እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው ጽሑፉ ውስጥ የለም፣ እሱ ራሱም ቅደም ተከተሉ ግትር እንዳልሆነ ጽፏል። እኛ ብሎክ ውስጥ ውሃ በጠፋበት ሳምንት ከተጠራቀመችው ውሃ ላይ ተቀንሶ ለጎረቤት ቡና ይፈላል፤ ፒራሚዱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው መጥቶ ቢያይ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ውሃችን በሌሊት ነው የሚመጣው፤ በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ ለዓመታት በአንድ ጆሮዬ ነበር የምተኛው። ቧንቧው ሲተነፍስ፣ ያ ከውሃው በፊት የሚመጣው የአየር ፉጨት ሲሰማ፣ ዘልዬ ተነሥቼ በርሜሉን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ አየር ብቻ ይሆናል። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «መጣ» ብሎ ከጻፈ አራቱም ፎቅ ይነቃል። እኔን ያደከመኝ በርሜል መሙላቱ አልነበረም፤ በርሜል ለመሙላት አርባ ደቂቃ ይበቃል። ያደከመኝ የቀሩት ሌሊቶች መጠበቅ ነው።

ይህን በደንብ ያስረዳኝ ዴቪድ ግላስና ያው ጄሮም ሲንገር የሠሩት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ ወጥቷል። ሰዎችን ሥራ እየሠሩ እያሉ ጩኸት ያሰሟቸዋል፤ የማባዣ ማሽን፣ የጽሕፈት መኪና፣ በስፓኒሽና በአርመንኛ የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ለአንዳንዶቹ ጩኸቱ በታወቀ ሰዓት ይመጣል፣ ለሌሎቹ በዘፈቀደ። በጩኸቱ መካከል የሁሉም ሥራ እምብዛም አልተበላሸም፤ ሰው ይለምዳል። ልዩነቱ የታየው ጩኸቱ ካበቃ በኋላ ነው። ጩኸቱ መቼ እንደሚመጣ ሳያውቁ የቆዩት ሰዎች መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው ቶሎ ተዉት፣ ጽሑፍ ሲያርሙም ብዙ ስሕተት አለፋቸው። እዚህ ላይ ሽሮውን ከእሳት አወረድኩት። እኔ ቢሮ ውስጥ ደኅና ሠራተኛ ነኝ፤ ሒሳቤ አይዛነፍም፤ በታክሲው ሰልፍም አልጨቃጨቅም። የምፈርሰው ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ፣ ቤቴ ገብቼ፣ የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ የመቀነስ ሒሳብ ፊቴ ሲቀርብ ነው። ራሴን «ክፉ እናት» እያልኩ ስወቅስ ኖሬአለሁ፤ ዕዳው የተከማቸው ሌላ ቦታ፣ የተከፈለው ደግሞ በልጄ እንደሆነ አላየሁም ነበር። ይህን ማወቄ ከጥፋቱ ነጻ አያወጣኝም፤ ቦታውን ግን አሳየኝ።

የሙከራው ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ ይገርማል። ለአንዳንዶቹ አንድ ቁልፍ ሰጥተው «ጩኸቱ ካስጨነቃችሁ ይህን ተጭናችሁ ማቆም ትችላላችሁ፤ ባትጫኑት ግን እንመርጣለን» አሏቸው። አብዛኞቹ አልተጫኑትም። ጩኸቱን እንደሌሎቹ ሁሉ ሰምተውታል፤ ግን በኋላ በእንቆቅልሹ ላይ ቁልፍ ካልነበራቸው ይልቅ እጅግ ጸንተዋል። ያልተነካ ቁልፍ ሰውን አዳነ።

እኔ ውሃውን የማስመጣበት ቁልፍ የለኝም። የነበረኝ የልጄ ያላለቀ ደብተር ነው። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በሲባጎ አንጠልጥዬ ውሃ የመጣበትን ሌሊት፣ ሰዓቱንና የቆየበትን ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ኦዲት ልታደርጊው ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ደግሞ፣ በብሎካችን ቡና ላይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው፣ «ልጄ፣ ውሃ በደብተር አይጠራም» አሉኝ። በ14 ሳምንት ውስጥ ማክሰኞ ለሊት 10 ጊዜ፣ ዓርብ ሌሊት 8 ጊዜ መጥቶ፣ በሌሎቹ ሌሊቶች የመጣው ሦስት ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በቀሩት አምስት ሌሊቶች ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ እተኛለሁ። የምናገኘው ውሃ በአንዲት ጆግ እንኳ አልጨመረም።

ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ውሾች የጻፉት ነገር በዚህ ጊዜ ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። ማምለጥ በማይችሉበት ሁኔታ በኤሌክትሪክ የተነዘሩ ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘለው ማምለጥ ሲችሉ ብዙዎቹ ተኝተው አለቀሱ። ለዓመታት ይህ «ተስፋ ቢስነትን መማር» ተብሎ ተጠራ። ሁለቱ ሰዎች ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የአንጎል ጥናቱን ይዘው ተመልሰው የራሳቸውን አባባል ገለበጡት፦ ረዥም መከራ ሲመጣ አካል የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ እጅ መስጠት ነው፤ ሰውም ሆነ እንስሳ የሚማረው ተስፋ ቢስነትን ሳይሆን ነገሩ በእጁ እንዳለ ማወቅን ነው። ለሃምሳ ዓመት የታወቁበትን ነገር «የተገላቢጦሽ ነበር» ብሎ መጻፍ፣ እኔን እንደሆነ ከግኝቱ እኩል አስደነቀኝ።

ከዚህ ሁሉ የቀረኝ ጥያቄ ስለ «አይዞሽ» ነው። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎልክማን ሰው ችግር ሲገጥመው ሁለት ነገር ይመዝናል ይላሉ፤ ይህ ይጎዳኛል ወይ፣ ምንስ ማድረግ እችላለሁ። ከዚያም ወይ ችግሩን ወይ በችግሩ የተነሣውን ስሜት ለማስተካከል ይጥራል። እኛ በሁለተኛው የበረታን ነን፤ «አይዞሽ»፣ «ያልፋል»፣ «ተመስገን በይ»። ሐዘን ቤት ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን የሚንቅ የለም፤ ሞትን በደብተር መከታተል አይቻልምና። ነገር ግን ደብተር የሚበቃው ነገር ላይም «ያልፋል» ስንል ዓመታት ያልፋሉ። እኔ አምስቱን አሳልፌአለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ውሃው አልመጣም። ደብተሩ ላይ «አልመጣም» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ፤ እማማ ናቸው፣ ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው አጥሯል።

«ልጄ፣ ደብተሩ ዛሬ ምን ይላል?»

«ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም፣ እማማ፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከመጣ እኔ እደውልልዎታለሁ። ካልመጣም ከእኛ በርሜል አንድ ጀሪካን ጠዋት ወንድሜ ያወርድልዎታል።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ልተኛ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መደገፊያውን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ።